ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ? ጎጃም ውስጥ ላለ ቤት ኮምፒውተር ስንመርጥ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍኖተ ሰላም እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ዴስክቶፑ ፊት ተቀምጦ የትምህርት ቤት ሥራውን ይጽፋል። እህቴ ጓዳ ገብታ ምጣዱን ሰካች። የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሳጥኑም ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ልጁ ሁለት ገጽ ያህል ጽፎ ነበር። ሴቭ አላደረገም። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ወደ እኔ ዞሮ «አጎቴ፣ የጻፍኩት የት ሄደ?» አለኝ።

መብራት አልሄደም። ምጣዱ ኃይሉን ሲስበው ቮልቴጁ ለአፍታ ወረደ፣ ያ ብቻ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ተሰክቶ የነበረው የእኔ ላፕቶፕ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ለቤት የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ተቀየረ። ድሮ ስለ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ) እና ስለ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ነበር የምጀምረው። አሁን መጀመሪያ ስለ ቤቱ ነው የምጠይቀው። ምክንያቱም አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ እኩል የሚመስሉ ሁለት ኮምፒውተሮች አባይን ተሻግረው ደጀን ሲደርሱ እኩል አይሆኑም። እዚህ የሚለያያቸው ሌላ ነገር ነው።

ከመግዛት በፊት ቤታችሁን ጠይቁ

እኔ የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው። መብራታችሁ እንዴት ነው? ይቆራረጣል? ይደክማል? ቤቱ ራሱ መብራት አለው? ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው፣ ከቤትስ ይወጣል? ከዚያ በእጃችሁ ያለው ብር ስንት ነው፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ኢንተርኔት በምን ታገኛላችሁ? መጨረሻ ላይ ተጠቃሚው በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጥበታል?

ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት። የመብራቱ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ትርጉም የለውም።

መብራት

ዴስክቶፕ በራሱ ባትሪ የለውም። ኃይሉ ለሰከንድ ሽራፊ ከተቋረጠ ይጠፋል። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ራሱ ይበላሻል። ደጋግሞ እንዲህ ከሆነ በተለይ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይጎዳል።

ላፕቶፕ ሁለት መከላከያ አለው። አንዱ ባትሪው ነው። ሌላው ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩን ገልብጣችሁ ጽሑፉን ብታዩት አብዛኛው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል አለ። መስመራችን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ምጣድና ወፍጮ አንድ ላይ ሲሠሩ መብራቱ ወደ 160 እንኳ ቢወርድ ቻርጀሩ ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ ማለት ግን ዴስክቶፕ እዚህ አይሆንም ማለት አይደለም። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ከውስጥ ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የተለመደው ባለ 650 ቪኤ (የአቅሙ መለኪያ) ዩፒኤስ ነው። ባትሪው አዲስ ከሆነ ሳጥኑንና አንድ ሞኒተር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ይይዛል። ሥራ ለመቀጠል አይበቃም። ሴቭ አድርጎ በደንብ ለማጥፋት ግን ይበቃል። የምጣዱንም ድካም ያሻግራል።

ስለ ዩፒኤስ ሱቅ ውስጥ የማይነገሩ ነገሮች አሉ። በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት ይደክማል። ዩፒኤሱን አትጣሉት፣ ባትሪው ብቻ ተገዝቶ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ባዶ ሆኖ ቀናት ከቆየ ባትሪው ይሞታል። ስለዚህ መብራት ከሄደና ኮምፒውተሩን ካጠፋችሁ በኋላ ዩፒኤሱንም አጥፉት፤ ሲመጣ ቻርጅ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ አትሰኩ።

ስታብላይዘር ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ስታብላይዘር የወረደውን ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል። መብራት ሲሄድ ግን እሱም አብሮ ይሄዳል። ቮልቴጁ ቀኑን ሙሉ የሚወዛወዝበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታብላይዘር፣ ከእሱ ቀጥሎ ዩፒኤስ ነው የሚመከረው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ዩፒኤሱን ይግዛ።

አሁን ስለ ቆጣሪ። ለጽሑፍና ለቪዲዮ የሚውል ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ያህል ይወስዳል። ላፕቶፕ 30 ዋት አካባቢ ነው። በቀን 4 ሰዓት ብትጠቀሙ ዴስክቶፑ በወር 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ ላፕቶፑ ወደ 3.6 ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። እንግዲህ አስቡት። የላፕቶፕ የአንድ ወር ፍጆታ ከአንድ ሰዓት ጋገራ ጋር ነው። የዴስክቶፑ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጋገራ አይበልጥም። ስለዚህ «ዴስክቶፕ መብራት ይበላል» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም ለመወሰን የሚያበቃ አይደለም። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ዴስክቶፕ ተዉ አልልም።

የክረምቱ መብረቅ ግን ለመወሰን ያበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የደጋው ሰማይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። መብረቅ መስመሩ አጠገብ ሲወድቅ የሚመጣውን ኃይል ተራ ዩፒኤስም ስታብላይዘርም አስተማምኖ አይመልሰውም። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ከሶኬቱ መንቀል ነው። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የዲሽ ሽቦ ወይም የኔትወርክ ሽቦ ከተያያዘም ይነቀል፤ በእሱም ይገባልና። እዚህ ላይ ላፕቶፑ ይሻላል፣ ተነቅሎም ይሠራል። ዴስክቶፕ ሲነቀል ሥራ ይቆማል።

ሌላው የመሬት ሽቦ ነው። የዴስክቶፑን ብረት ስትነኩ እጃችሁን ቀለል አድርጎ ነዘር ካደረገው ቤታችሁ የመሬት ሽቦ የለውም ወይም ተቆርጧል። ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሏችሁ ወደ ጥገና አትውሰዱት። ኤሌክትሪሲያን ጥሩ።

መስመር ላልደረሰው ገጠር መልሱ ቀላል ነው፣ ላፕቶፕ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ እናስብ። ባትሪውን ላለመግደል ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነውንም ብንቀንስ፣ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። ላፕቶፕ በዚህ 16 ሰዓት ያህል ይሠራል። ዴስክቶፕ 5 ሰዓት። ስልክ ብቻ የሚሞሉት ትንንሾቹ የሶላር ፋኖሶች ግን ላፕቶፕ አይችሉም፤ እንዳትሳሳቱ። በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚሆኑ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ከትልቅ ፓወር ባንክ መሙላት ይችላሉ። ፓወር ባንኩ ለላፕቶፕ የሚሆን መሆኑን፣ ማለትም 45 ዋት ወይም ከዚያ በላይ መስጠቱን ጠይቁ።

ያገለገለ ላፕቶፕና የሞተ ባትሪ

ከላይ ላፕቶፕን ያመሰገንኩት ባትሪው ስላለው ነው። ባትሪው ከሞተስ? ያኔ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። «አራት ሰዓት ይይዛል» ተባልኩ። ቤት ወስጄ ስነቅለው 40 ደቂቃ ያዘ። ስመልሰው «ስትገዛ አይተኸው ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ስገዛ ተሰክቶ ነበር ያየሁት።

የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከሆነ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በዚህ በኩል የደብረ ማርቆስ ብርድ ለባትሪ ደግ ነው፤ ከተማው ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሞቅ ትላለች። አባይ በረሃ ዳር ያለ ቆላ ውስጥ ደግሞ ላፕቶፕ ፀሐይ የሚመታበት መስኮት ሥር አይቀመጥም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 ከመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አላቸው። እሱን አብሩት።

ብር

እዚህ የዋጋ ዝርዝር አልጽፍም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ የሚያገለግል አልሆነም። ከዚያ ይልቅ በእጃችሁ ያለውን ብር 100 ብለን እንክፈለው።

ዴስክቶፕ ከሆነ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። 55 ለሳጥኑ፣ 20 ለሞኒተር፣ 18 ለዩፒኤስ፣ 7 ለኪቦርድ፣ ለማውዝ፣ ለስፒከርና ለዋይፋይ መቀበያ። ሰው የሚሳሳተው 80ውን ለሳጥኑ ይከፍልና ዩፒኤሱን «ቀስ ብዬ እገዛለሁ» ሲል ነው። የእህቴም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ 85 ለራሱ፣ 10 ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ወይም ራም ለመጨመር፣ 5 ለቦርሳና ለማውዝ።

በእኩል ብር ዴስክቶፕ ይበረታል። ይህ በስም ብቻ አይታይም። ለምሳሌ ኮር አይ ሰቨን 6500 ዩ የሚባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው። ኮር አይ ፋይቭ 6500 የሚባለው የዴስክቶፑ ግን አራት ኮር አለው። «አይ ሰቨን ስለሆነ ይበልጣል» ብሎ የገዛ ሰው ተሳስቷል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዩ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ነው። ለቤት ሥራ ይበቃል። ቪዲዮ ለማቀናበር ግን ያስለቅሳል።

ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ከላይ ያነሳናቸው ሁለቱም 6500ዎች 6ኛ ትውልድ ናቸው፣ አይቀበላቸውም። ትውልዱን ለማወቅ ቁጥሩን ማየት ነው። 8250 ካለ 8ኛ፣ 10400 ካለ 10ኛ። ገበያው በአሮጌዎቹ የተሞላው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። አይሠሩም ማለት አይደለም። ኢንተርኔት ለማይነካ የቤት ጽሑፍ ያገለግላሉ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ነፃ የሆነው ሊኑክስም ይጫንባቸዋል። ግን ዋጋቸው ያንን ማሳየት አለበት፣ ተከራከሩበት።

ለሁለቱም የማልደራደርባቸው ሁለት ነገሮች 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ ሲገባ ሌላ ዕቃ ይመስላል።

ጥገና

ሻይ ፈሰሰ እንበል። ልጅ ያለበት ቤት ይፈሳል። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ኪቦርዱ ተበላሸ፣ ሌላ ኪቦርድ ተገዛ፣ አለቀ። ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ሻይው በቁልፎቹ መሃል ወርዶ ዋናው የውስጥ ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል። ስኳር ካለበት ደግሞ ይብሳል፣ ሲደርቅም እየበላው ይቆያል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ በአፉ ድፉት፣ ወደ ጥገና ውሰዱት። አብርታችሁ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አትሞክሩ።

ዴስክቶፕ በቁራጭ ይገዛል፣ በቁራጭ ይጠገናል። ራሙም፣ ለሳጥኑ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩም፣ ሞኒተሩም ለብቻው ይቀየራል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ከቢሮ የወጡት ትንንሽ ሳጥኖች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ነው። ተራው አይገባላቸውም። ስለዚህ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ለሚኖር ሰው ትልቁንና ተራውን ሳጥን እመርጥለታለሁ። ቦታ ይይዛል፣ ግን ሲበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ አያስኬድም።

ላፕቶፕ ላይ ቶሎ የሚሄዱት ባትሪ፣ ማጠፊያው፣ ኪቦርዱና የቻርጀሩ መሰኪያ ናቸው። ቀጫጭኖቹ ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ መጨመር አይቻልም። ስትገዙ «ራም ይጨመራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ቤት ውስጥ ዴስክቶፑ ላይ ዳንቴል ይለበሳል። ያምራል፣ እናቶቻችን የሠሩት ነው። ግን የሳጥኑን መተንፈሻ ይሸፍነዋል። ሲጠፋ አልብሱት፣ ሲበራ አንሱለት። ላፕቶፑን ደግሞ አልጋ ላይ ጋቢ ላይ የሚያስቀምጥ አለ። የላፕቶፕ አየር መግቢያ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው። ጋቢው አፍኖት ፋኑ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ትሪም ቢሆን ከሥሩ አድርጉለት።

ኢንተርኔት

አብዛኛው ቤት ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልክ ነው። ላፕቶፕ ዋይፋይ ስላለው የስልኩን ሆትስፖት ወዲያው ይይዛል። አሮጌ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ የለውም። ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ገዝቶ ዩኤስቢው ላይ መሰካት ነው። እስከዚያው ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከሳጥኑ ጋር አገናኝታችሁ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔቱን በገመድ የሚያጋራውን ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ብታበሩ ይሠራል።

በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሁለቱ የትኛውንም ብትገዙ ለልጆች የሚሆኑ መጻሕፍትና የፈተና ጥያቄዎች ኢንተርኔት ሲገኝ አውርዳችሁ ዲስኩ ላይ አስቀምጡ፣ በፍላሽም ያዙት። ትልቅ ዲስክ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፣ ዴስክቶፕ ላይ ሁለተኛ ዲስክ መጨመርም ቀላል ነው።

አቀማመጥ

አጭር ነው። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ ስለተያያዘ አንገት ያስደፋል። ለአንድ ሰዓት ችግር የለውም። በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት የሚጽፍ ሰው ግን ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርድሮ ከፍ ያድርገው፣ ለብቻው ኪቦርድ ይግዛ። ዴስክቶፕ ሞኒተሩ ትልቅ ነው፣ ከዓይን 50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በፓወር ግዕዝም ሆነ በሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም አማርኛ ሲጽፉ ለሚውሉ ሰዎች ትልቁ ሞኒተር ብቻውን ለዴስክቶፕ ድምፅ ይሰጣል።

ባንድ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ዴስክቶፕ | ላፕቶፕ |
|---|---|---|
| መብራት ሲሄድ | ወዲያው ይጠፋል፤ በዩፒኤስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ | ባትሪው ደህና ከሆነ ለሰዓታት ይሠራል |
| ቮልቴጅ ሲደክም | ሊጠፋና እንደገና ሊነሳ ይችላል | በአብዛኛው አይነካውም |
| የወር ፍጆታ (በቀን 4 ሰዓት) | ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት | ወደ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት |
| በእኩል ብር አቅም | ይበልጣል | ያንሳል |
| ተጨማሪ ወጪ | ዩፒኤስ፣ ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ዋይፋይ መቀበያ | ቦርሳ፣ ማውዝ፣ ከዓመታት በኋላ ባትሪ |
| ጥገና | በቁራጭ ይቀየራል | ይከብዳል፣ ይወደዳል |
| መንቀሳቀስ | አይንቀሳቀስም | በቦርሳ ይገባል |
| መሰረቅና መውደቅ | በቀላሉ አይሰረቅም፣ አይወድቅም | በቀላሉ ይሰረቃል፣ ይወድቃል |
| ሶላር ያለው ገጠር | አይመከርም | ይመከራል |
| ብዙ ልጆች ላሉበት ቤት | ይስማማል | ቶሎ ይጎዳል |

ለማን የቱ?

ከተማ ውስጥ የምትኖሩ፣ መብራታችሁ የሚቆራረጥ ቢሆንም ቶሎ የሚመለስ፣ ሁለት ሦስት ልጆች ያላችሁ ሰዎች ዴስክቶፕና ዩፒኤስ ግዙ። ሳሎን ውስጥ ወላጅ የሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ልጆች ሲሻሙበት ኪቦርድና ማውዝ ነው የሚጎዳው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ልጁ ማውዝና ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ፈተና ላይ እንዳይሆን ይህ ዕቃ ቤት ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እህቴም ዴስክቶፑን አልሸጠችውም። ዩፒኤስ ጨመረችለት፣ ኮምፒውተሩንም ከምጣዱ መስመር ወደተለየ ሶኬት አዛወርነው። አሁን ምጣድ ሲሰካ ዩፒኤሱ ጢጥ ይላል፣ ልጁም ሴቭ አድርጎ ይቀጥላል።

ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን ጠርተውኝ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ትልቁን ዕቃ ልግዛላት?» አሉኝ። «እትዬ፣ ትልቁን ዶርም ውስጥ የት ታስቀምጠዋለች?» አልኳቸው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማርቆስም ይሁን እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ይመደብ፣ ላፕቶፕ ነው። ዶርም፣ ላይብረሪ፣ ቤት ይመላለሳል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ነው። ኪሎው ቀላል፣ ባትሪው የተፈተነ፣ ስክሪኑ 14 ኢንች የሆነ ይበቃዋል። ለተማሪ ልጅ ከባድና ውድ የጌም ላፕቶፕ አትግዙ። ቻርጀሩ ራሱ የጡብ ያህል ነው፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር ሰውም እንዲሁ ላፕቶፕ። እዚህ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ ጽሕፈት፣ ዲዛይን ወይም የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ገቢ የሚያገኝ ሰው ዴስክቶፕ ይግዛ፣ ራሙንም ወደ 16 ጊጋ ያሳድግ። ግን መብራት ለግማሽ ቀን የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ ተራ ዩፒኤስ አይበቃውም። ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ያስፈልገዋል፣ ያንን ወጪ ከመጀመሪያው ይደምር። ደምሮ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ጠንከር ያለ ላፕቶፕና ለብቻው ሞኒተር ይሻለዋል።

ብር ላነሰው ሰው የምመክረው ብዙዎች የማያስቡትን ነው። ቤታችሁ ፍላት ቲቪ ካለ ከኋላው ኤችዲኤምአይ መሰኪያ መኖሩን እዩ። ካለ ሞኒተር አትግዙ፣ ሳጥኑንና ኪቦርዱን ብቻ ግዙ። በቴሌቪዥን ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ዓይን ያደክማል፣ ዜና የሚያይ አባትና የሚያጠና ልጅም ይጋጫሉ። ለመነሻ ግን ይሆናል። ሞኒተሩ በኋላ ይመጣል።

ሚኒ ፒሲ የሚባለው ትንሽ ሳጥንም አለ። የላፕቶፕ ያህል መብራት ይወስዳል፣ በትንሽ ዩፒኤስም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ካገኛችሁና ትውልዱ 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ መካከለኛ ነው። ስክሪኑና ሳጥኑ አንድ የሆነውን ዓይነት ግን አልመክርም። የላፕቶፕን የጥገና ችግር ይዟል፣ ባትሪውን ግን አልያዘም።

ስትገዙ

ላፕቶፕ ከሆነ 100 ከመቶ ቻርጅ ሆኖ ይጠብቃችሁ። ንቀሉትና ስክሪኑን አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱበት። ሻጩ ይጠብቅ፣ እናንተም ቡና ጠጡ። በግማሽ ሰዓት ወደ 70 ከወረደ ጠቅላላ የሚይዘው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ከዋጋው ላይ የባትሪ ሒሳብ አስቀንሱ ወይም ሌላ አሳዩኝ በሉ። ማጠፊያውን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሁሉንም ቁልፍ ተጭናችሁ ጻፉበት።

ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑ ይከፈትላችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ትንንሽ ሲሊንደር የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጉብ ያለ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካያችሁ ተዉት። ሳጥኑን አጥፍታችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ እንደገና አብሩት። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ድሮ ከተመለሰ ውስጡ ያለው ክቡ የሰዓት ባትሪ አልቋል። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጽ አይከፍትም። በባትሪው ርካሽነት አትዘናጉ፣ እዚያው ያስቀይሩላችሁ።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱ እስከ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የአባይ በረሃም መሃል ላይ አለ። ሞኒተሩ ፊቱ በካርቶን ተሸፍኖ በሁለት ብርድ ልብስ መሃል ይሁን። ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይጫን፤ ጭነት ላዩ ላይ እንዳይወጣበት። ሳጥኑን ከአውቶቡስ ጣራ ላይ አታስጭኑት፣ ከእግራችሁ ሥር ይሻላል።

ቤት ከገባ በኋላ ለመሰካት አትቸኩሉ። ከመንገድ የመጣ ዕቃ ይረፍ። ከዚያ የዴስክቶፑን ጀርባ እዩ። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሽቦው መሰኪያ አጠገብ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው፣ 115 እና 230 የሚል። 115 ላይ ሆኖ በእኛ መብራት ከተሰካ ያኔውኑ ይፈነዳል። በጥፍራችሁ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪት ወደ 230 ግፉት፣ ዩፒኤሱን ሰኩ፣ ሳጥኑን ከዩፒኤሱ ሰኩና አብሩት።